የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ፤ ጡት ማስያዣ አሁን ልግዛ ወይስ ከወለድኩ በኋላ?

ጥያቄ፦ ሰላም ከጎሮ

ሰላም እህቶች። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባተኛ ወር ውስጥ ገብቻለሁ። ባንክ ነው የምሠራው፣ መስኮት ላይ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። ከምሳ በኋላ ትከሻዬ መቃጠል ይጀምራል። ማታ ጡት ማስያዣውን ሳወልቅ የማንጠልጠያው መስመር ሰርጉዶና ቀልቶ ይታያል። ጀርባው ደግሞ ወደ ላይ ይሳባል። ወደ ታች ስጎትተው ነው የምውለው፤ ደንበኛ ፊት ያሳቅቃል።

ከማርገዜ በፊት 36 ነበር የምለብሰው። አራተኛ ወር ላይ ጠበበኝና 38 ገዛሁ። አሁን 40 ላይ ደርሻለሁ። ሁሉም ቢ ናቸው። በሄድኩበት ሱቅ ሁሉ መልሱ "አንድ ቁጥር ጨምሪ" ነው። መሞከር የለም። ሻጩ በዓይኑ ለክቶ ያወጣልኛል፣ እኔም ቶሎ ከፍዬ እወጣለሁ። ቁጥር ስጨምር ጡቴ ይገባል፣ ትከሻዬ ግን ይብስበታል።

የባሌ እህት "በአንዴ 42 የማጥቢያ ግዢና ተገላገይ" ትለኛለች። እናቴ ደግሞ ልጁ ሳይወለድ አዲስ ዕቃ ቤት እንዲገባ አትፈልግም። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ከወር በኋላ ትመጣለች፤ "ቁጥርሽን ላኪልኝ" ብላኛለች። ምን ብዬ እንደምልክላት ግራ ገባኝ።

በስፌት ሜትር ተለክቻለሁ። ከጡቴ ሥር ዙሪያው 81 ሳንቲሜትር ነው። ጡቴ ሞላ ያለበት ላይ 99። ይሄ ምን ማለት ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፦ እትዬ ከመርካቶ

ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። መርካቶ ውስጥ የሴት የውስጥ ልብስ እየሸጥኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ያንቺ ዓይነት ትከሻ ይዛ የምትመጣ እርጉዝ በየሳምንቱ አያለሁ። ሜትር ይዘሽ መለካትሽ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ቁጥሩንና ፊደሉን እንለይ። ቁጥሩ የደረትሽ ዙሪያ ነው፤ ከጡት ሥር የሚለካው። ፊደሉ ካፑ፣ ማለትም ጡቱ የሚገባበት ጎድጓዳ ክፍል፣ ምን ያህል ጡት እንደሚይዝ ነው የሚናገረው። ከላዩ ልክ ላይ የሥሩን ቀንሺ። ልዩነቱ ከ14 እስከ 16 ሳንቲሜትር ከሆነ ቢ ነው። ከ16 እስከ 18 ሲ፣ ከ18 እስከ 20 ዲ። ያንቺ 99 ሲቀነስ 81፣ 18 መጣ። በሲና በዲ ድንበር ላይ ነው፤ ጡትሽ እያደገ ስለሆነ ትልቁን እንያዝ። ሥሩ ደግሞ ከ78 እስከ 82 ባለው ውስጥ ነው፤ እሱ 80 ይባላል፣ በሌላው አጻጻፍ 36። ስለዚህ ያንቺ ልክ 36 ዲ ነው። ታጉ ላይ 80 ዲ ተብሎም ታገኚዋለሽ።

"ታዲያ 40 ቢ ለምን ጡቴን ያዘው?" ትይኝ ይሆናል። የካፑ መጠን ከቁጥሩ ጋር አብሮ ያድጋል። 40 ቢ፣ 38 ሲ እና 36 ዲ የሚይዙት ጡት እኩል ነው። የሚለያዩት በዙሪያቸው ነው። እኛ ነጋዴዎች ከጅምላ ስናነሳ በደርዘን ነው የምናነሳው። ደርዘኑ ውስጥ ቁጥሩ ይደባለቃል፣ ፊደሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢ ብቻ ነው። ዲ የምትፈልግ ሴት ስትመጣ ዲ የለንም። ስለዚህ ቁጥር እንጨምርላታለን። ያደገው ጡቷ ነው፣ የሚሰፋላት ግን ጀርባዋ ነው።

ጡትን የሚሸከመው ከሥር የሚዞረው ላስቲክ ነው። እሱ ሲላላ ጭነቱ በሙሉ ማንጠልጠያው ላይ ይወድቃል። ከባድ ዘንቢል በቀጭን ገመድ ትከሻ ላይ እንደማንጠልጠል ነው። ከፊት ጡት ወደ ታች ሲስብ፣ ከኋላ ጀርባው ወደ ላይ ይወጣል። አንቺም የጻፍሽው ይህንኑ ነው። የባልሽ እህት ያለችሽን 42 ከገዛሽ ደግሞ ይብስብሻል። በፍቅር ነው ያለችው፤ ግን አትግዢው።

አሁን ሁለት ግዢ፣ ከዚያ በላይ አትግዢ። አንዱን ስትለብሺ አንዱ ይታጠባል። ሱቅ ስትሄጂ ስስ፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ካናቴራ ልበሽና ከዚያ በላይ ሞክሪ። መጋረጃ ያለው ሱቅ ፈልጊ። ሴት የምትሸጥበት ቢሆን ይመረጣል። መጋረጃ ከሌለ ክፍያ ሳትፈጽሚ "ታጉን ሳልቆርጥ ቤት ለክቼ ካልሆነኝ ነገ እቀይራለሁ" ብለሽ ተነጋገሪ። ደህና ነጋዴ እሺ ይላል። እኔ እሺ እላለሁ።

ስትለብሺው ወደ ፊት ጎንበስ በይና ጡትሽን በእጅሽ ከብብትሽ በኩል ሰብስበሽ ወደ ካፑ አስገቢ። ብዙ ሴት ይህን አታደርግም፤ ከዚያ ካፑ ሰፋኝ ትላለች። ቀና በይና ከጎን በመስታወት እዪው። ሥሩ ከፊትም ከኋላም እኩል ከፍታ ላይ መዞር አለበት። ከላስቲኩ ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት፣ እጅ ሙሉ ከገባ ሰፊ ነው። ማንጠልጠያውን ከትከሻሽ አውርጂው። ሥሩ ቦታው ላይ ከቆየ ልክሽ ነው። ወደ ታች ከተንሸራተተ መልሺው። ከላይ ወይም ከብብት በኩል ጡት ከፈሰሰ ደግሞ ካፑ አንሷል፤ እዚህ ጋ ነው ፊደል የሚጨመረው።

የመንጠቆው ነገር። ሦስት ወይም አራት ረድፍ መንጠቆ ያለውን ምረጪ። አሁን የምትገዢው መሀለኛው ላይ የሚበቃሽ ይሁን፤ ሆድሽ ወደ ላይ ሲገፋ ጎድንሽ ገና ሊሰፋ ይችላል። በዘጠነኛው ወር የምትገዢው የማጥቢያ ግን በመጨረሻው፣ በሰፊው መንጠቆ ላይ የሚበቃሽ ይሁን። ከወለድሽ በኋላ ደረትሽ ወደ ልኩ ሲመለስ እያጠበብሽ ትሄጃለሽ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይገዛና ልጁ ሁለት ወር ሳይሞላው ሰፋኝ ይላል።

የማጥቢያውን አሁን አትሰብስቢ። ወተቱ ሞልቶ የሚመጣው ከወለድሽ ከ2 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ያኔ ጡት አንድ ካፕ፣ ሁለት ካፕ ሊጨምር ይችላል፤ ድንጋይ የሚሆንባትም አለች። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ይረጋጋል። ለአራስ ቤቱ ሽቦ የሌለው፣ የሚለጠጥ፣ ከጥጥ የተሠራ ለስላሳውን ሁለት ያዢ። ካፑ ውስጥ እጅሽን ከጡትሽ ጋር ማስገባት ከቻልሽ ለሚመጣው ወተት ቦታ አለው ማለት ነው። ደህና ደህናውን ከስድስት ሳምንት በኋላ ተለክተሽ ትገዢያለሽ።

የማጥቢያ ስትመርጪ ሱቁ ውስጥ በአንድ እጅሽ ክፈቺና ዝጊ። ሌላው እጅሽ ልጁን ስለሚይዝ በአንድ እጅ የማይዘጋውን አትውሰጂ። ካፑ ሲወርድ ዙሪያውን የሚቀረው ጨርቅም ሰፋ ያለ ይሁን። ጠባብ ከሆነ ጡቱን አንቆ ይይዘዋል፣ ልጁም ሲጠባ ፊቱ ላይ ያርፋል።

እናትሽን ደግሞ እንዲህ በያት፦ ይሄ የልጁ ዕቃ አይደለም፣ የኔ ልብስ ነው። እንደ ልጆቼ የምወዳቸው የደንበኞቼ እናቶች በዚህ ሲስማሙ አይቻለሁ።

መልስ፦ ሰላም ከጎሮ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ለእናቴም የርስዎን መልስ አነበብኩላት፤ "እውነቷን ነው" አለችኝ። ዲ ግን እስካሁን ሰፈሬ አላገኘሁም። ካጣሁ ምን ላድርግ? ደግሞ ሽቦ ያለው ወተት ያቆማል ይባላል፣ እውነት ነው? ማታስ አድርጌው ልተኛ? ሰሞኑን ልብሴ ላይ ቢጫ ጠብታም እያየሁ ነው።

መልስ፦ አዋላጅ ከባህር ዳር

ሰላም እህቴ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው የምሠራው፣ በአዋላጅነት። ከመጨረሻው ጥያቄሽ እጀምራለሁ፦ ጠብታው እንገር ነው። ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ ሊታይ ይችላል። አትጭመቂው። ልብስሽን እንዳያረጥብ ንጹሕ ጨርቅ አድርጊበት። ምንም ያልታየባትም እናት ወተት ታገኛለችና እሷም አትጨነቅ። ደም የቀላቀለ ከሆነ ወይም ከአንዱ ጡት ብቻ ደጋግሞ ደም ከመጣ ግን ታዪ።

ሽቦ በራሱ ወተት አያቆምም። የሚጎዳው ሽቦው ያረፈበት ቦታ ነው። ከጡቱ ሥር፣ የጎድን አጥንት ላይ ካረፈ ችግር የለም። ጡቱ ሥጋ ላይ ከወጣ ግን እዚያ ጋ ይጫናል። በእርግዝናና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጡት መጠን ስለሚለዋወጥ ዛሬ ልክ የነበረው ሽቦ ከሳምንት በኋላ ጡት ላይ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው እስኪረጋጋ ያለ ሽቦ ይሁን የምለው። ሽቦ የሌለውም ቢሆን ከጠበበ ያው ነው። ስታወልቂው የማይጠፋ ቀይ መስመር ጡቱ ላይ ካየሽ አልሆነሽም።

ማታ ግዴታ አይደለም። ከከበደሽና ለስላሳው ካሳረፈሽ አድርጊው። ካልፈለግሽ ተዪው። "ካልታሰረ ይወድቃል፣ ማጥባትም ያወርደዋል" የሚባለው እናቶችን በከንቱ ያስፈራል። አሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አጥንተውት ጡት ማጥባት በራሱ ጡት እንደማያወርድ ነው ያገኙት። ዕድሜ፣ የእርግዝና ብዛት፣ ማጨስ እና የጡቱ መጠን ግን ድርሻ አላቸው።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምልሽ አለ። ወተቱ ሞልቶ ጡትሽ ሲወጠር በመቀነት ወይም በጠባብ ነገር አትሰሪው። አራስ ቤት የሚገቡ ትልልቅ ሰዎች በደግነት ሊያስሩሽ ይሞክራሉ። ጥብቅ ብሎ መታሰር ወተቱን ያግደዋል። ጡቱን ደግፎ የሚይዝ፣ የማይጨቁን ልብስ ነው የሚፈለገው። ልጁን በፈለገ ጊዜ ሁሉ አጥቢ። አጥብተሽ እንደገና እስክታጠቢ ባለው ጊዜ ጡትሽ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት። ጠጠር ያለውን ቦታ አጥብቀሽ አትሺው። ድሮ እኛም እሹት እንል ነበር። በጡት ማጥባት ሕክምና ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፉ የሐኪሞች ማኅበር በ2022 ባወጣው መመሪያ ግን ኃይለኛ እሽት እብጠቱን እንደሚያባብስ ተገልጿል።

ጡትሽ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ትኩሳትሽ 38.5 ከደረሰ ወይም በአንድ ቀን ካልተሻለሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ማጥባቱን ግን አታቋርጪ፤ ወተቱ ልጁን አይጎዳውም።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

እንኳን ደስ አለሽ የኔ ቆንጆ። ስለ አክስትሽ ልጅ እኔ ልመልስልሽ፤ እኔም በየክረምቱ ሻንጣ ሙሉ ጡት ማስያዣ የማመላልስ ነኝና። ቁጥር ብቻ አትላኪላት። ሁለቱን የሜትር ልክ በሳንቲሜትር ላኪላት፣ ቀኑንም ጻፊበት፤ እሷ ስትመጣ ልክሽ ተቀይሮ ይሆናል።

እስከ ዲ ድረስ የአሜሪካውም የአውሮፓውም ፊደል አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ይለያያል። አሜሪካ ከዲ ቀጥሎ ያለው ድርብ ዲ ነው፣ ከዚያ ሦስት ዲ። አውሮፓ ደግሞ ከዲ ቀጥሎ ኢ፣ ከዚያ ኤፍ። የአሜሪካ ድርብ ዲ ማለት የአውሮፓው ኢ ነው። እህቴ "ኤፍ ላኪልኝ" ብላኝ ልኬላት የማይሆን ሆኖ የተቀመጠ አለ፤ እሷ ያየችው የአውሮፓ ታግ ነበር።

ከዚህ የሚመጣ ዕቃ ደግሞ መመለሻ የለውም። እዚህ ያለነው ሦስት አዘን ሁለቱን እንመልሳለን። ሻንጣ ውስጥ ከገባ ግን አለቀ። ስለዚህ ካፕ ያለውን እዚያው ሞክረሽ ግዢ። ከሷ የሚያስፈልግሽ በስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ የሚሸጠው የሚለጠጥ የማጥቢያ ነው። እሱ የካፕ ለውጥን ይችላል። ለአራስ ቤቱ እሱን አስመጪ፣ ሁለት ይበቃሻል። ቦታ ካላት የሚፈስ ወተት የሚመጥ፣ የሚታጠብ የጡት ፓድ ትጨምርልሽ።

መልስ፦ የሁለቱ እናት

እኔ ስለ እጥበቱ ልናገር፤ ማንም አያነሳውም። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ውሃ ያለበትን ቀን ጠብቀሽ ልታጥቢ ከሆነ ሁለት ማጥቢያ አይበቃሽም፣ ሦስት ይሁን። ወተት የነካው ልብስ ካደረ ይሸታል። ቢያንስ በትንሽ ውሃ ወዲያው ለቅለቅ አድርጊው። በበረኪና አትንኪው፣ ላስቲኩን ይጨርሰዋል። አትጠምዝዢው። ጥላ ውስጥ አስጪው፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ላስቲክ ዕድሜ የለውም።

ፓድ መግዛት ውድ ከሆነብሽ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ በክብ ቆርጠሽ ሦስት አራት ድርብ አድርገሽ ስፊው። እኔ ሁለቱንም ልጆቼን ያጠባሁት በዚያ ነው። ሲረጥብ ቶሎ መቀየር ነው። እርጥብ ተጠግቶ ሲውል የጡት ጫፍ ይቆስላል። ከኋላው ፕላስቲክ ያለበትን ፓድ እኔ አልወድም፣ አየር አያስገባም።

ሥራ ስትመለሺ ደግሞ አስቢበት። ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጥሽ 90 ቀን ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ ያለው። ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጠሽ የልጅሽ ማጥቢያ ሰዓት ሲደርስ ወተቱ ራሱ ይመጣል። የሌላ ሰው ልጅ ሲያለቅስ ብትሰሚም ይመጣል። ቦርሳሽ ውስጥ ትርፍ ፓድና አንድ ትርፍ ማስያዣ ይኑር። ነጠላ ቀለም ያለው ሸሚዝ እርጥበት ያሳያል፤ አበባ ያለበት ወይም ጠቆር ያለ ይሻልሻል። ከወዲሁ አለቃሽን አነጋግረሽ ወተትሽን የምታልቢበት በር የሚዘጋ ክፍል ጠይቂ።

ለክርስትናው የሀበሻ ቀሚስ የምታሰፊ ከሆነ ከፊት ዚፕ አስደርጊለት። ልኩንም የማጥቢያ ጡት ማስያዣሽን ለብሰሽ ስጪ። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ነው። በ40 ቀን ጡትሽ ገና ሙሉ ነው የሚሆነው፤ ልብስ ሰፊው ደረቱ ላይ ቦታ ይተውልሽ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጁ ሲያለቅስ ከአንገት በኩል ልታወጪ ስትታገይ መከራ ነው።

መልስ፦ ሰላም ከጎሮ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአክስቴ ልጅ ልኬን በሳንቲሜትር ላክሁ። ቅዳሜ ደግሞ ከባሌ ጋር መርካቶ ወርጄ፣ 36 ዲ ባጣ እኩል ጡት ይይዛል ያሉትን 38 ሲ አገኘሁ፣ ከቱርክ የመጣ፣ ባለ አራት ረድፍ። በጠባቡ መንጠቆ ሲዘጋ ከ40ው በጣም ይሻላል። ጀርባው ቦታው ላይ ይቆያል። ትንሽ ግን ላላ ይላል። እትዬ፣ ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ላስጠብበው ወይስ ይቅር?

መልስ፦ እትዬ ከመርካቶ

ካሁኑ አታስጠብቢው ልጄ። ዘጠነኛው ወር ላይ ያ የላላው ቦታ ያስፈልግሻል። ከወለድሽና ከተረጋጋሽ በኋላ አሁንም ከሰፋሽ ያኔ ሰፊ ጋ ውሰጂው። ከጎን እንዳይሰፋው ንገሪው፤ ከጎን ከጠበበ ካፑ ወደ ብብት ይሄዳል። መንጠቆው ያለበትን ጫፍ ፈትቶ ከግራም ከቀኝም እኩል ቆርጦ፣ መንጠቆውን መልሶ ይስፋው። በጠቅላላው ከአምስት ሳንቲሜትር በላይ አይቁረጥ። ከዚያ ካለፈ ማንጠልጠያዎቹ ከኋላ ይቀራረቡና አንገትሽን ይይዙሻል።

የሚለጠጥ ክር ይጠቀም፣ ወይም ዚግዛግ ስፌት። ቀጥታ ስፌት ከሰፋው ላስቲኩ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። 36 ዲ ካገኘሁ እዚሁ እጽፍልሻለሁ፤ ሐሙስ አዲስ ዕቃ ይገባልናል።